ሲስተር ዘሃራ፣ ሰላምታ ያስተማሩን

የሲስተር ዘሃራን ዜና ዕረፍት የሰማሁት ሸዋ ሮቢት አደባባይ ላይ፣ ገበያው ገና ሳይሟሟቅ ከአንድ ባጃጅ ነጂ ነው። «ቲቸር፣ አልሰማሽም? ሲስተር ወደ አኼራ ሄዱ» አለኝና ሞተሩን አጠፋ። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ለሚያውቋቸው ሁሉ የምጽፈው ግን ሐዘኑን ለመቀስቀስ አይደለም፤ ምስጋናዬ ከሐዘኔ ስለበለጠብኝ ነው።

ሲስተር ዘሃራ የአሊዩ አምባ ልጅ ናቸው። ነርስነት ተምረው፣ በኋላም የሥነ ልቦና ምክር ሙያ ጨምረውበት፣ በሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ሰው ሲያማክሩ ኖሩ። ጭንቀት ያለበትም፣ ትዳር የመረረውም ይመጣ ነበር። በገላው ያፈረን ሰው ግን ገና ከአረማመዱ ያውቁታል፤ ወፍራምም ይሁን ቀጭን።

እኔ ከወፍራሞቹ ነኝ። ልደብቀው ብልስ የት አባቴ እደብቀዋለሁ! አስተማሪ ነኝ። በአንድ የወላጆች ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሜዳ፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጥኩበት የፕላስቲክ ወንበር ተሰበረና ወደቅኩ። ተማሪ ሳቀ፣ ወላጅ ሳቀ፤ ሊያነሱኝ የመጡትም ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ክፍል መግባት አቃተኝ። ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ጀርባዬን ስሰጥ የሚስቁብኝ ይመስለኛል። አሞኛል እያልኩ ቤት መዋል ጀመርኩ፤ በመጨረሻም ሥራዬን ልለቅ ቆረጥኩ። ከማስተማር ሌላ የምወደው ነገር አልነበረኝም፤ እሱንም ልተው ነበር። ጤና ጣቢያ የሄድኩት የሕመም ፈቃድ ለማጻፍ ነበር፤ እዚያ ነው ወደ ሲስተር የላኩኝ።

ክፍላቸው ውስጥ አንድም የፕላስቲክ ወንበር የለም። አናጺ ያበጀው ሰፊ የእንጨት አግዳሚ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። ቆሜ በዓይኔ ስመረምረው አዩኝ። «አብሽሪ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። «እሱን ያሠራሁት ሰው እዚህ ሲመጣ ስለ ችግሩ እንጂ ስለ ወንበሩ እንዳያስብ ነው።» ተቀመጥኩ። ሲጥ እንኳ አላለም። እንባዬ መጣ። ሚዛኑ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። «ግፊትሽንና ስኳርሽን እለካለሁ፤ ጤናሽ ነውና አልተውልሽም። ሚዛኑ ላይ የምትወጪው ግን አንቺ ስትፈልጊ ነው» አሉኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በዚያች ክፍል ሴቶችን አንድ ላይ ያወያዩ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት እንደ አገራችን ወግ፣ አክባሪ ነኝ ብዬ፣ «ሲስተር፣ እንዴት ዋሉ? ወፈር ብለዋል፤ አምሮብዎታል!» አልኩ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሲስተር በጣታቸው በሩን አሳዩኝ፤ «ውጪና እንደገና ግቢ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ኪሎ የሚጠየቀው ሉካንዳ ቤት ነው። እኔን ሰላም በይኝ።»

ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ባስብ ባስብ ሌላ ሰላምታ ጠፋኝ! እውነቴን ነው። እኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ምርቃት፣ «ከሳሽ» ደግሞ የሐዘኔታ ነው፤ ሁለቱንም ስንቀማ ባዶ እጃችንን ቀረን። በመጨረሻ ገባሁና «ያ የትናንቱ ንፋስ የቤትዎን ቆርቆሮ አልነካብዎትም?» አልኳቸው። ሳቁና «አሁን ገባሽ፤ ነይ አጠገቤ» አሉኝ። ለካ እነዚያ ሴቶች ሁሉ በተራቸው ወጥተው የገቡ ናቸው።

ከአጣዬ የምትመጣ ሰዓዳ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ያገኛት ሁሉ «ምነው? ታመሻል እንዴ?» እያለ ከሰው አርቋታል፤ ክረምት ከበጋ በሦስት ልብስ ተጀቡና ነበር የምትሄደው፣ ያውም በዚህ የቆላ ሙቀት። እኔ መከራው የወፍራም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሲስተር መሐላችን ተቀምጠው «ወላሂ፣ የሰው አፍ አይጠግብም። አንቺን ቀንሺ፣ አንቺን ጨምሪ ይላል። እሱን ልታጠግቡ አትሩጡ» ይሉን ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ደጄ መጡ። «ከክፍልሽ ወጥተሻል፤ በቃ። አሁን እንደገና ግቢ» አሉኝና ትምህርት ቤት ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። እሳቸው ግቢው ውስጥ ከማንጎው ሥር ቀሩ፣ እኔ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ሳቅ ፈነዳ። ልሮጥ ነበር። ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ልጆቹ ዞርኩና «ምን አሳቃችሁ?» ብል፣ አንዲት ፍየል በመስኮት አንገቷን አስገብታ ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ሻሽ ታኝካለች! እኔም ሳቅሁ፤ ከወደቅኩ ወዲህ ክፍል ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ስወጣ ሲስተር ከማንጎው ሥር አልተነሱም ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አስተምራለሁ።

ኋላ ሕመም ያዛቸውና እሳቸውን ራሳቸውን አመነመናቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ አንዲት ጎረቤት ቀድማኝ ገብታ «ውይ በሞትኩት! ሲስተር፣ ምነው እንዲህ ከሱ!» አለች። ሲስተር ከትራሱ ቀና ሳይሉ ጣታቸውን ብቻ አነሱ። «ውጪና... እንደገና ግቢ።» ሴትየዋ ግራ ገባት። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ተራዬ ሲደርስ ፊታቸውን አየሁ። ግን «ሲስተር፣ ያቺ ፍየል ዘንድሮም ክፍል መጣች» አልኳቸው።

«ወደሚቀጥለው ክፍል አላለፈችም እንዴ?» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እጄን ይዘው «ዛሬ ከመጣው ሰው ሁሉ ስለ አጥንቴ ያላወራሽኝ አንቺ ነሽ። አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።

ጀናዛቸውን እስላሙም ክርስቲያኑም ሸኘው። ለቅሶው ድንኳን ስደርስ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ባለሁበት ቆምኩ። ወዲያው ግን ያንን አግዳሚ ከጥግ አየሁት፤ ከክፍላቸው አውጥተው አምጥተውታል። ሰዓዳ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች፣ በአንድ ስስ ልብስ። ጠጋ አለችልኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ በመሐል አልፌ ሄድኩና ተቀመጥኩ።

ሲስተር ዘሃራ፣ አንቱ ከፍርሃቴ አስወጥተው ከሰው መሐል አስገብተውኛል፤ አምላክ ውለታዎን ይክፈልልኝ። ሰኞ ክፍሌ እገባለሁ። ሐዘንዎ አክስቶኝ ይሆናል። ልጆቹ «ቲቸር፣ ከስተሻል!» ካሉኝ በጣቴ በሩን አሳያቸዋለሁ። ደህና ይግቡ፣ ሲስተር።