ጀላሉ የሚያውቃቸው ግድግዳዎች

ጀላሉ ከወሎ ወደ መቐለ የመጣው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥራው የቧንቧ ሥራ ነው። በዓዲ ሓቂና በሓወልቲ ዙሪያ ቤት በተሠራ ቁጥር ውሃ እየዘረጋ፣ ትግርኛውን እያቀላጠፈ፣ ሀፊሳን አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች እያሳደገ ሃያ ዓመት ኖረ። የቤቱ ባለቤት ስም ሊጠፋበት ይችላል፤ ቧንቧው በየት ገብቶ በየት እንደታጠፈ ግን አይጠፋበትም።

ከሁለት ዓመት በፊት የውሃ ሮቶ ሊያስቀምጥ ጣሪያ ላይ ሲወጣ መሰላሉ ከዳው። ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ጠግነውት ሲያበቁ፣ "ከእንግዲህ መሰላል የሚባል ነገር እንዳትወጣ፤ ከባድ ነገርም እንዳታነሳ" አሉት። ምርኩዝ ይዞ ቤት ዋለ። ሀፊሳ ገበያ ላይ ቅመም እየሸጠች ቤቱን ቀጥ አድርጋ ያዘች። የድሮ ደንበኞች ሲደውሉለት "ሌላ ሰው ፈልጉ" ይላል። ከዚያ ስልኩን ያጠፋል።

አንድ ቀን ፊዮሪ የምትባል ወጣት መሐንዲስ በሩን አንኳኳች። ሓወልቲ አጠገብ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትንሽ ቢሮ ከፍታ የስልክ መተግበሪያ ትሠራለች። የቤቱ ባለቤት የስልኩን ካሜራ ወደ ግድግዳው ሲያቀና፣ ስክሪኑ ላይ ግድግዳው እንዳለ ሆኖ ውስጡ የተቀበረው ቧንቧ በቀለም ተስሎ ይታያል። ቤቱን ራሱ እንዲጠግን ታስቦ ነው።

"ጋሽ ጀላሉ፣ አንድ ነገር አቃተን" አለችው። "ስልኩ የሚያሳየው እኛ የነገርነውን ብቻ ነው። የብዙ ቤቶች ፕላን ደግሞ ጠፍቷል። የጠየቅናቸው ሁሉ 'ጀላሉን ጠይቁ' ይሉናል።"

"እኔ እኮ ልጄ፣ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።"

"እኔ አምስት ዓመት ተምሬ ያላወቅሁትን ነው የምጠይቅዎት።"

ሀፊሳ ከጓዳ ሰምታ ብቅ አለች። "ሂድ እንጂ!" አለችው። "እዚህ ተቀምጠህ የእኔን ድስት አያያዝ ከምታርም እነሱን አርም!"

ሄደ። ሦስት ወር ሙሉ ቢሮው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊዮሪ በባለቤቶቹ ፈቃድ ከየቤቱ የምታመጣለትን ፎቶ እያየ በጣቱ መስመር አሰመረ። ውሃው ሰማያዊ፣ ፍሳሹ ቡኒ።

መጀመሪያ የደወሉት ወይዘሮ ኣብረኸት ናቸው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ሲሆኑ፣ ዓዲ ሓቂ በሚገኘው ቤታቸው ሦስት ክፍል ለተማሪዎች ያከራያሉ። የመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ረጥቦ ልስኑ እየረገፈ ነበር። አንድ ግንበኛ አይቶ፣ "መሠረቱ ሰምጧል፤ ግድግዳው ይፍረስ" ብሏቸዋል።

"ጀላሉ ሓወይ፣ ወንድሜ" አሉት በስልኩ ላይ እየታዩ፤ "ይህን ግድግዳ ከባለቤቴ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንጋይ እያቀበልኩት ነው ያቆምነው። አፍርሺ ሲሉኝ ሆዴ ፈረሰ።"

"አይፈርስም፣ መምህርት። እስኪ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ይዝጉና ቆጣሪውን ይዩልኝ።"

ሁሉም ተዘግቶ የቆጣሪው መርፌ ቀስ እያለ ይዞር ነበር።

"መሠረቱ አይደለም" አለ ጀላሉ። "ግድግዳው ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ነው። አሁን ዋናውን የውሃ መዝጊያ ይዝጉ። መሮና መዶሻ አለዎት?"

"የባለቤቴ አለ።"

ስልኩን ወደ ግድግዳው ሲያቀኑ ሰማያዊው መስመር ከበሩ በስተግራ ታየ። ጀላሉ ቢሮው ሆኖ መጋጠሚያው ላይ ቀይ ክብ አደረገ፤ ክቡ በእርሳቸው ስልክ ግድግዳው ላይ ተስሎ ታየ።

"እዚያ ላይ በቀስታ ይምቱ።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

መቱ። ልስኑ ረገፈ። ከሥሩ ደረቅ ድንጋይ እንጂ ቧንቧ አልነበረም።

"የለም እኮ፣ ጀላሉ።"

አጠገቡ የተቀመጠችው ፊዮሪ ፊቷ ተለወጠ። ጀላሉ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። አዛውንቷን በከንቱ ግድግዳ እንዳስቦረቦረ ሲያስብ መሬት ብትውጠው በወደደ ነበር። ስክሪኑን ደጋግሞ አየ። ዓይኑ በሩ ላይ ቆመ።

"መምህርት፣ ይህ በር የድሮው ነው?"

"አይደለም። የድሮው ተሰብሮ ከጦርነቱ በኋላ ነው ያስቀየርኩት። ጠበብ አድርገው ሠሩልኝ።"

"በየት በኩል ጠበበ?"

"በግራ። ስንዝር ተኩል ያህል።"

ፊዮሪ ጭንቅላቷን ያዘች። ጀላሉ መስመሩን ያሰመረው የድሮውን በር ግራ ጠርዝ መነሻ አድርጎ ነበርና፣ ጠርዙ ወደ ቀኝ ሲገፋ መስመሩንም አብሮ ገፍቶታል። ጀላሉ መስመሩን በጣቱ ይዞ ስንዝር ተኩል ወደ ግራ መለሰው።

"እዚህ ይምቱ። ወላሂ እዚህ ነው።"

በሦስተኛው ምት የራሰ ልስን እንደ ጭቃ ወረደ፤ የዛገው መጋጠሚያ ብቅ አለ።

"እዋይ! ኣሎ! አለ እኮ፣ ጀላሉ!"

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እርሱ እያሳያቸው መጋጠሚያውን ፈቱ፣ ጥርሱን አጸዱ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ነጭ ፕላስተር ጠመጠሙበት፣ መልሰው አጠበቁ። "ይብቃዎት፤ ከዚህ ካለፈ ይሰነጠቃል" ሲላቸው ቆሙ። ዋናውን ከፍተው ሁሉም ቆጣሪው ላይ አፈጠጡ። አምስት ደቂቃ አለፈ። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ወይዘሮ ኣብረኸት መዶሻውን እንደያዙ እልልታቸውን አቀለጡት። ፊዮሪ ጀላሉን አቀፈችው። እርሱ ግን ስልኩን አንስቶ ገበያ ወዳለችው ሚስቱ ደወለ።

"ሀፊሳ፣ ዛሬ ሥራ ሠራሁ።"

በዚያ ሳምንት መምህርቷ ራሳቸው መሮአቸውን ይዘው የጎረቤታቸውን ግድግዳ ከፈቱ። ወሬው ተዛመተ። ክረምቱ ሳይወጣ ከሁለት መቶ በላይ ቤቶች መስመር ተሰመረላቸው፤ ሓፍቶም የሚባል የድሮ ኤሌክትሪክ ሠራተኛም የሽቦዎቹን መስመር ሊያሰምር መጥቶ ከጀላሉ ጎን ወንበር ያዘ።

በመስከረም ፊዮሪ አንድ አዳራሽ ተከራይታ የቤት ባለቤቶችን ለሥልጠና ጠራች። ሰው ሞልቶ በመስኮት ቆመ። ጀላሉ አዲስ ኮት ለብሶ ሊያስተምር ወደ መድረኩ ሲወጣ፣ ሀፊሳ ከፊት ረድፍ ተነስታ ገና አፉን ሳይከፍት ማጨብጨብ ጀመረች፤ አዳራሹም ተከተላት።