መስኮቱ የተዘጋ መኪና

የሥነ ልቦና አማካሪዋ አሥራ አራት ዓመት ከሠራችበት ሆስፒታል ለቃ የራሷን የምክር ክፍል ስትከፍት፣ ያ ጠባብ የሠራተኞች ክፍል ይናፍቀኛል ብላ አላሰበችም። እዚያ አምስት ሆነው ሦስት ወንበር ይሻሙ ነበር። አንዱ ከታካሚው ጋር ቆይቶ ፊቱ ጠቁሮ ሲገባ፣ ሌላው ምንም ሳይጠይቀው ወንበሩን ይለቅለታል።

አሁን ከአንድ መነጽር ቤት በላይ፣ ሁለት ሶፋና አንድ መስኮት ያላት ክፍል ውስጥ፣ በቀን ስድስት ሰው ልቡን ዘርግፎላት ይሄዳል። እሷ የሰማችውን ሁሉ ይዛ በሯን ትቆልፋለች። ባሏ እንዴት እንደዋለች ሲጠይቃት "ደህና" ትለዋለች፤ የሰው ምስጢር ነውና ሌላ ምን ትበለው? እሱም ጨዋ ሰው ስለሆነ ወሬውን ወደ ልጆቹ ትምህርት ያዞረዋል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ገፋችው። አላስችል ያላት ግን ሐዘን ሳይሆን አንድ ማክሰኞ የገጠማት ደስታ ነው። ትንሽ ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ሰባት ወር ሙሉ እየመጣች መሬት መሬት ስታይ ከርማ፣ የዚያን ቀን ልጁ በሕይወት ሳለ ድመቷን ካልሲ ሊያለብስ ሲታገል ያየችውን እያወራች በሳቅ ፈነዳች። ስሙንም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራችው።

እናትየዋ እንደሄደች አማካሪዋ በሩን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ብቅ አለች። ለማን ልትነግር እንደወጣች ግን ጠፋት። ከታች የመነጽር መስታወት የሚሞርደው ማሽን ይጮሃል እንጂ ሰው የለም።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ያስተማሯትን አዛውንት ፍለጋ ሄደች። ሆስፒታል ሳሉ ማንም ላይ ስለማይፈርዱ፣ ለቀልድ "ዳኛው" ይሏቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ፤ ጆሯቸውም ከድቷቸዋል። ሳሎኑ በምራትና በልጅ ልጅ ተሞልቷል። ቀስ ብላ ብታወራ አይሰሟትም፤ ጮክ ብትል የሰው ገመና አደባባይ ሊወጣ ነው። ሁለት ሦስቴ "ምን አልሽ?" ካሏት በኋላ ነገሩ ገባቸውና የልጃቸውን የመኪና ቁልፍ አነሱ። ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪና ውስጥ ገብተው መስኮቷን ጥርቅም አድርገው ዘጉ።

"በደህናው ጆሮዬ በኩል ነሽ" አሏት። "በይ አሁን ጩኺ።"

ስም ሳትጠራ ሁሉንም ነገረቻቸው። ድመቷ ጋ ስትደርስ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞር አሉ።

"አንቺስ ልጄ? ሰባት ወር ያንን ስትሰሚ እንዴት ከረምሽ?"

"ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ የጠየቀኝ የለም" አለችና እንባዋ ቀደማት። መሳቢያው ውስጥ ያገኙት የመኪና መወልወያ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ እሱኑ አቀበሏት።

ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እዚያች መኪና ውስጥ ተገናኙ። በኋላ ልጃቸው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ እሳቸውም አብረው ሄዱ። ስልክ ለእሳቸው ጆሮ አይሆንም።

አማካሪዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እንደ እሷ ለብቻቸው የሚሠሩ ሁለት ወጣት ባለሙያዎች አፈላልጋ፣ በየሳምንቱ ክፍሏ እንዲመጡ ለመነቻቸው። ይመጣሉ፤ የከበዳቸውን ተነጋግረው ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እሷም ይቀላታል። ግን ታላቃቸው ናትና በፊቷ ይሽቆጠቆጣሉ፤ ምክሯን በማስታወሻ ይጽፋሉ። እሷ ደግሞ "አንቺስ?" የሚላት እንጂ ቃሏን የሚጽፍላት አልናፈቃትም። በሚቀጥለው ወር ሁለት ቀን ክፍሏን ልትዘጋ ወስና፣ ዳኛው ወዳሉበት ከተማ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጣለች።