የአባል ቤተሰብ አይመዘገብም

መነጽር ሠሪውን «ሚዛን» ብለን የሰየምነው እኛው የሰፈሩ የበጎ አድራጎት ክለብ አባላት ነን። ስሙን ያወጣለት ከመካከላችን ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ክለባችን ሥራ በጀመረበት ሰሞን አሮጌ መነጽር ከየቤቱ ለምነን በካርቶን ስናመጣለት፣ እያንዳንዱን በሳሙና ሳያጥብ፣ በመሣሪያው ሳይለካ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሳያስርበት ለማንም አልሰጥም አለን።

«ሰዉ ራሱ እያደረገ ይሞክርና የሚያሳየውን ይውሰድ እንጂ» አልነው።

«የማይሆን መነጽር ከማጣት ይብሳል» ብሎ ድርቅ አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀና «ይሄ ሰው ሚዛን ነው» አለ። በቀልድ የወጣ ስም እንደ ተጠራ ቀረ።

ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለች ባለ አንድ በር ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት እሱ ይሠራል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ባለቤቱ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። የክለቡን ሰማያዊ ሰደርያ የሰፋችልን እሷ ናት። ዓይናቸውን የታከሙ ሰዎች አድርገውት ወደ ቤታቸው የሚሄዱትን የዓይን መሸፈኛም በየዓመቱ የምትሰፋው እሷ ነበረች። አባል ሁኚ ስንላት ግን «ለአንድ ቤት አንድ ሞኝ ይበቃዋል» ብላ ትስቅብን ነበር።

የክለባችን ትልቁ ሥራ በዓመት አንዴ ነው። አንዲት የዓይን ሐኪም ከረዳቶቿ ጋር መጥታ ለሦስት ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ድሃውን በነፃ ትመረምራለች፤ የዓይን ሞራ ያለባቸውን ደግሞ ቀዶ ሕክምና ታደርግላቸዋለች። እኛ እንመዘግባለን፣ ወረፋ እናስከብራለን፣ መራመድ ያቃታቸውን ደግፈን እናስገባለን። ቦታው ለስልሳ ሰው ነው፤ የሚመጣው ግን ሦስት መቶም አራት መቶም ይሆናል። መዝጋቢው ሚዛን ነበር። ከሐኪሟ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጥቶት ስም ይጽፋል።

በሁለተኛው ዓመት ሐሜት ተነሣ። «ክለብ የሚሉት ዘመድ ለማሳከም ነው» ተባለ። ሚዛን ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የአባል እናት፣ አባት፣ ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም፣ አማት፣ አክስት አይመዘገብም የሚል ሕግ እናውጣ» አለ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን፤ አጨበጨብንለትም። ጡረታ የወጣሁ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነኝና ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሕጉን በገዛ እጄ ጻፍኩት።

በስድስተኛው ዓመት ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሚዛን ሱቅ መጣ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«ወንድሜ፣ እናቴ አልሆነላትም» አለ። «ሁለቱም ዓይኗ ሞራ ለብሷል። ትናንት እኔ ጎረቤት መስያት ልጄ መቼ ነው የሚመጣው ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቦታ ስጣት።»

ሚዛን የያዘውን መነጽር አስቀመጠ። «ሕጉ ላይ አንተም እጅህን አውጥተሃል።»

«አውጥቻለሁ። ያኔ እናቴ ታይ ነበር።»

«ሆስፒታል ወረፋ አስይዛት።»

«አስይዣለሁ። ቀጠሮዋ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው።»

«እንግዲህ እሱን ጠብቁ። ዛሬ ላንተ ካጠፍኩት ነገ ለማን አቀናዋለሁ?»

ፀጉር አስተካካዩ «እሺ» ብሎ ወጣ። የሚዛን ባለቤት ከመጋረጃው ጀርባ መኪናዋን አቁማ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ እናት እኮ ናት» አለችው። ሚዛን ያስቀመጠውን መነጽር አንሥቶ መጥረግ ጀመረ።

ከዚያ በአራተኛው ወር አሮጊቷ ከፎቅ ሲወርዱ የመጨረሻውን ደረጃ ሳቱት። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፤ ሦስት ሳምንት ተኝተው አረፉ። ሚዛን ቀብር ላይ ተገኝቶ እንደ ቤተሰብ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ጨበጠው፤ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ወዲህም ፀጉሩን ያስተካክልለት ነበር። ብቻ ዝም ብሎ ነው የሚቆርጠው። ደንበኛውን በወሬ የሚያደነቁር ሰው፣ ሚዛን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከመቀሱ በቀር ድምፅ አይሰማም።

ሦስት ዓመት አለፈ። የሚዛን ባለቤት ከበር ጠርዝ ጋር መጋጨት ጀመረች። ከጎኗ የተቀመጠ ብርጭቆ በክርኗ ትጥላለች። መንገድ ስትሻገር ሞተር ብስክሌት ከየት መጣ ሳትለው አጠገቧ ይደርሳል።

«ዓይኔ ከጎን ከጎኑ ይጨልምብኛል» አለችው።

ወንበር ላይ አስቀምጦ ግድግዳው ላይ ያለውን የማንበቢያ ሰሌዳ አስነበባት። እስከ መጨረሻው ደቃቅ መስመር ድረስ አንድም ሳትስት ጠራችለት።

«ዓይንሽ እኮ የልጃገረድ ነው!» አላት። ደስ ብሎት ነበር የተናገረው።

ሕመሙ ከዳር ጀምሮ ወደ መሀል የሚገባ እንደሆነ፣ በዚያ ሰሌዳም እንደማይያዝ በኋላ ነው የሰማነው። እሱ መነጽር ሠሪ እንጂ ሐኪም አልነበረም።

የዚያ ዓመት የሕክምና ቀን ሲደርስ መሸፈኛዎቹን ሰፍታ ጨርሳ፣ አጣጥፋ በከረጢት እየከተተች ለመነችው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

«የሰው ወረፋ አልሻማም። ሁሉም ሲያልቅ፣ ሐኪሟ ዕቃዋን ስትሰበስብ አንድ ደቂቃ ትየኝ።»

«የፀጉር አስተካካዩን እናት መልሼ አንቺን ባስገባ ሰው ምን ይለኛል?»

«እንግዲያው የሞተች ሴት ከፊቴ ወረፋ ይዛለች በለኛ።»

ሦስቱንም ቀን እሱ ከሐኪሟ አጠገብ ስም ሲጽፍ፣ እሷ ቤቷ ዋለች። ሆስፒታል ቀጠሮ አስያዙ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሆነ።

በቀጠሮው ቀን ይዟት ገባ። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠችው በየዓመቱ ወደኛ የምትመጣው ያችው ሐኪም ነበረች። መጀመሪያ ፈገግ አለችለት። ከዚያ የባለቤቱን ዓይን በመሣሪያ አየች፤ ደጋግማ አየች፤ ፈገግታዋ ጠፋ።

«የዓይን ግፊት ነው። ቀኙ ሄዷል። ግራው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆኗል፤ እሱንም በጠብታ እንዲቆይ እንሞክራለን። የሄደው ግን አይመለስም። እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?»

«ቀጠሮ ስንጠብቅ» አለ ሚዛን።

«ምን ቀጠሮ? አንተ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ነበር የተቀመጥከው!»

ባለቤቱ በሙሉ ዓይኗ ታየው ይመስል ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ነው የተናገረችው፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ በሴት የተተረተ ይመስለኝ ነበር።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ሚዛን ሰደርያውን ሳይለብስ መጣ። ሊቀመንበራችን ፋርማሲስቱ አጀንዳውን ሳይጨርስ እጁን አወጣ።

«ያ ሕግ ይሻር» አለ።

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድማችን፣ ያንተ ሐዘን የኛም ሐዘን ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ የክለባችን ኩራት ነው። በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ያንተን ፎቶግራፍ ከሕጉ ጋር ልናወጣው ነው።»

ያኔ ከኋላ ወንበር ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። ሚዛን አንገቱን ደፋ። «ግን ለመሆኑ የምን ሕግ ነው የሚሻረው? ሊቀመንበር፣ አማትህ በአራተኛው ዓመት በጎረቤት አድራሻ አልገቡም? ምክትሉስ አክስቱን የቤት ሠራተኛችን ናት ብሎ አላስመዘገበም?»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሚዛን ዞረ።

«ይህን የማታውቅ አንተ ብቻ ነህ። እኔም ያወቅኩት እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው። ሞኝ ስለሆንኩ በበር መጣሁብህ። መስኮት እንዳለ ማን ነገረኝ?»

ሚዛን በየተራ ፊታችንን አየ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። እስክሪብቶዬን ይዤ ወረቀቱን ማየት ጀመርኩ።

«አንተም?» አለኝ።

እህቴ በዚያው በአራተኛው ዓመት በባሏ አባት ስም ተመዝግባ ታክማለች። ስሟን የጻፈው ሚዛን ራሱ ነው፤ አላወቃትም። መልካም ጤንነት ብሎ በእጇ ደግፎ አሳልፏታል።

«እኔም» አልኩት።

ሕጉ አልተሻረም። በቃለ ጉባኤው ላይ «ውይይት ተደርጎበት ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ ጻፍ ያለኝ ሊቀመንበሩ ነው፤ ግን እጁ የእኔ ነበር።

ሚዛን ክለቡን ይለቃል ብለን ነበር። አልለቀቀም። በዓመቱ የሕክምናው ቀን ሲደርስ መጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከአዲሶቹ አባላት አንዷ፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ ሽማግሌ በክንዷ ደግፋ ቀረበች።

«ምንሽ ናቸው?» አላት።

ልጅቷ መዋሸት ገና አልተማረችም። «አባቴ ናቸው» አለች።

ከኋላው የቆመው ፋርማሲስት ሆን ብሎ ሳለ። ሚዛን ቀና ብሎ አላየውም። የሽማግሌውን ስም ጻፈ፤ ከጎኑም «የአባል አባት» ብሎ ግልጽ አድርጎ ጨመረበት። ወረቀቱን ቀዶ ሰጣት። እኛስ ምን ብለን እንናገር?

ማታውን የተረፈውን የመነጽር ካርቶን ተሸክሜ እቤቱ ድረስ ሸኘሁት። ባለቤቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከሱቁ ወደ ቤት አምጥተውት የነበረው የስፌት መኪና ከተሸጠ ወዲህ የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ሚዛን ጫማውን ሳያወልቅ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ዛሬ የአንዷን አባል አባት መዘገብኩ» አላት።

«ጥሩ አደረግክ» አለችው። «ለእኔ ጊዜ ይህን ልብ የት ጥለኸው ነበር?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«ሰውን። ሰው ምን ይለኛል ብዬ።»

«ሰው ሁሉ የራሱን አሳክሞ ጨርሶ ነበር እኮ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሚዛን እጇን ሊይዝ ሲል ቀስ ብላ ወደ ጉያዋ ሰበሰበችው።

ካርቶኑን አስቀምጬ ልወጣ ስል ኮቴዬን ሰማች።

«ማነው? አንተ ነህ?» አለች፤ ስሜንም ጠራችው።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«እህትህ ደህና ናት? ዓይኗ ተሻላት?»

«ደህና ናት» አልኳት። «በደንብ ታያለች።»

«ተመስገን» አለች። ከልቧ ይሁን ከምሬቷ ዛሬም አላውቅም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ ቤት ሄጄ አላውቅም።