ፋብሪካው የተዘጋበት የባለቤቴ መኪና

ባለቤቴ ስለ ጭነት መኪናው ሲያወራ የዘመድ ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበር። የተሠራው አሜሪካን አገር ነው። ሠሪዎቹ ወንድማማቾች ናቸው፤ መጀመሪያ የፈረስ ጋሪ ይሠሩ ነበር አሉ፤ ከጋሪ ወደ አውቶሞቢል፣ ከአውቶሞቢል ወደ ጭነት መኪና አደጉ። በትልቁ ጦርነት ጊዜ መኪናቸው በበረዶ ላይ ስንቅ አመላለሰ። በኋላ ገበያ ጠፋና ፋብሪካው ተዘጋ። ይኼን ልጆቼ እንደ ዳዊት በቃላቸው ያውቁታል። እኔም መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ላነብ የታገልኩት መኪናው አፍንጫ ላይ ያለውን የብረት ጽሕፈት ነው። «የፈረንጅ ፊደል እኮ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ቤታችን አጠገብ ነበር የሚያቆመው። እህል፣ አሸዋ፣ የሰርግ ድንኳን ይጭናል። የቸርችልን ዳገት ሲወጣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ነው፤ ድምፁን ስሰማ ምሳ አቀርባለሁ።

አንድ ቀን ቀበሌ ለፈፈ፤ ጭነት መኪና ያለው ሁሉ ሊብሬውን ይዞ ተቆጣጣሪ ይጠብቅ። ደህና ሆኖ የተገኘ መኪና ከነሹፌሩ ለጦርነቱ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ሹፌር እንዲሁ ሄዶ ዓመት ሞላው፣ ወሬው የለም።

እኔ ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። የምርመራው ዕለት ጧት ጊዮርጊስ ሄጄ «እባክህ፣ ሞተሩ ዛሬ ብቻ አይነሳ» ብዬ ለመንኩ። ስመለስ ባለቤቴ እጅጌውን ሰብስቦ መኪናውን ያጥባል።

«ምነው፣ ሰርግ አለብህ?»

«ሰው ሊያየው አይደል የሚመጣው? በአቧራው ይታይ?»

«ባትሪውን ፍታና ተበላሽቷል በል።»

«ተበላሽቷል? በዚህ መኪና ላይ ልዋሽ?»

ተቆጣጣሪው ረፋድ ላይ መጣ። እጁ የመካኒክ እጅ ነው። የቀበሌው ጓድ መዝገብ ይዞ ይከተለዋል።

«ጋሼ፣ ይነሳል?» አለ ተቆጣጣሪው።

እኔ ቀደም ብዬ፣ «ጓድ፣ ፋብሪካው እኮ ተዘግቷል፣ መጀመሪያም ጋሪ ሠሪዎች ናቸው...»

«እትዬ፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ መኪናው ነው።»

ባለቤቴ ገብቶ አንዴ ቢነካው ተነሳ። እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም። የበሩን መቃን ያዝኩ።

ተቆጣጣሪው ኮፈኑን አስከፈተ። «መለዋወጫ ከየት ያገኛሉ?»

ባለቤቴ ደረቱን ነፋ። «የውሃ ፓምፑ ከጣሊያን መኪና የተፈታ ነው፣ እኔው ሞርጄ አስገባሁት። ይቺን ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ፒያሳ ያለ ጫማ ሰፊ ነው የሰፋልኝ። የፍሬኑን ላስቲክ ደግሞ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ...»

«የፍሬኑን?»

«አዎ! ቸርችልን እወርድበታለሁ። እምቢ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።»

«ያን ቀን ምን አደረጉ?»

«ቀስ ብዬ ከግንብ ጋር አስታረቅሁት።»

የቀበሌው ጓድ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ ይሄማ እድር ነው! ሰፈሩ ሁሉ አዋጥቶበታል።»

ተቆጣጣሪው አልሳቀም። «ወታደር ጭኖ በዚህ ፍሬን ገደል ሊወርድ?» አለና ጻፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበልን፤ «ለረጅም መንገድ የማያገለግል።»

እልልታዬን ዋጥኩት። ባለቤቴ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ጅማ ስንቴ ደርሼ ተመልሻለሁ! ጓድ፣ ይግቡ፣ አሁን ልንዳዎት!» ኮቱን ከኋላ ጎተትኩት። «በልጆችህ፣ ዝም በል!» ሰዎቹ ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

ምሳ አልበላም። ትንሽ ቆየና ባርኔጣውን አነሳ። «ቀበሌ ሄጄ አመለክታለሁ። እንደገና ይመርመር።»

በሩ ላይ ቆምኩ። በትዳራችን መንገድ ዘግቼበት አላውቅም። «በእኔ ላይ ተራምደህ እለፍ» አልኩት። ከበሩ እንደማልነቃነቅ አየ መሰለኝ፣ ባርኔጣውን መልሶ ሰቀለ።

«እንዲህ ያለ ስድብ ተጽፎበት እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«ይወስድሃል» አልኩት። «እቤትህ፣ አልጋህ ላይ።»