ሮማነወርቅና የሰስ ፀጉር

አባቴን የመድኃኔዓለም ሰፈር ሰው «ዝንብ ሠሪው» ይለው ነበር። «ሐረር ዝንብ አንሷት ነው ሃምሳ አለቃ ሽመልስ ቁጭ ብለው የሚሠሩላት?» ይላሉ። እሱ አይስቅም። የሚሠራው ዝንብ የዓሣ ማጥመጃ ነው፤ በትንሽ መንጠቆ ላይ ፀጉርና ላባ በክር ይታሰርና ውሃ ላይ ያረፈ ነፍሳት ይመስላል፤ ዓሣው ሊውጠው ብቅ ሲል ይያዛል። በወታደርነት ባሌ ተመድቦ ሳለ አንድ ፈረንጅ ዌብ ወንዝ ዳር አስተምሮታል። ጡረታ ወጥቶ ጀጎል ሲመለስ ከጓዙ ሁሉ የሚሳሳላት መንጠቆውን ነክሳ የምትይዝለትን ትንሽ ሞርሳ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ብሩክ የሚባል አስጎብኚ ይመጣና የሠራውን ሁሉ ባሌ ለሚያጠምዱ እንግዶች ይወስድለታል። በሐረር ይህን ሙያ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ብቻውን መሆኑንም አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ታሪኩ ግን የእሱ አይደለም፤ የሮማነወርቅ ነው። ለእሱማ ተዝካር ወጥቶለታል።

ሮማን ሸዋ በር አጠገብ ፀጉር ትሠራለች። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ፣ የሰው ጭንቅላት ላይ ኖራለች። ሹሩባ ስትሠራ ጣቶቿን ለማየት ብቻ ደጃፏ ላይ የሚቆም ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ሲሆናት የእግሯ ደም ሥር ተገተረ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆሰለ፣ ቁስሉም አልድን አለ። ሐኪሙ «ወይ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ሥራ ፈልጊ፣ ወይ እግርሽን እርሺው» አላት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ያ እግርና እነዚያ እጆች ናቸው።

ለጥምቀት ፀጉሬን ልትሠራኝ ቤታችን መጣችና አባቴ መስኮቱ ሥር ሲሠራ አየችው። ማበጠሪያዋን ጭንቅላቴ ላይ ሰክታ ተወችኝና ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ ሽመልስ፣ ይኼ እኮ ፀጉር ሥራ ነው!»

«ነው» አላት።

«ቁጭ ተብሎ ነው የሚሠራው?»

«አዎ፣ ቁጭ ተብሎ ነው።»

እውነት ለመናገር አባቴም ሰው ይፈልግ ነበር። ዓይኑን ሞራ ጀምሮት ነበር፤ ብሩክም ባለፈው ጥቅምት «አቦ ጋሼ፣ ዝንቦቹ ተበላልጠዋል፤ ሰው ያስተምሩ» ብሎት ሄዷል። ስለዚህ ተስማሙ። እስከሚቀጥለው ጥቅምት ትማራለች። ብሩክ ሲመጣ የሠራቻቸውን አሥራ ሁለት ዝንቦች ውሃ ላይ ይጥላል። ከተንሳፈፉ ሥራው የእሷ ይሆናል፤ ሱቋን ዘግታ፣ እግሯን ሰቅላ፣ እንጀራዋን ቁጭ ብላ ትበላለች።

አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ። ጓዳችን ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ኮርቻ አለ። ቅድመ አያቴ ከመንዝ ሐረር የመጣበት የበቅሎ ኮርቻ ነው ይባላል። ከሥሩ ያለው ትራስ የተሞላው በሰስ ፀጉር ነው። ሰስ ከፍየል የምታንስ፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ የምትዘል የዱር እንስሳ ናት፤ ፀጉሯ እንደ ገለባ ውስጡ ባዶ ነው። ባዶ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ባዶ ስለሆነ ክር ሲያጠብቁበት ብድግ ብሎ ዙሪያውን ይቆማል። አባቴ የቆመውን ፀጉር በምላጭ እየላጨ የገብስ ፍሬ ያስመስለዋል። የፍየል ፀጉር እንዲህ አይሆንም። ክር ሲጠብቅበት ይተኛል፣ ውሃ ላይ ሲጥሉት ይሰምጣል። ዛሬ ሰስ መግደል ወንጀል ነው፤ ከዚያ ኮርቻ በቀር ፀጉሩን የምናገኝበት አልነበረንም።

እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስፌቱን በወስፌ ፈትቼ ቁንጥር ፀጉር የማወጣው፣ መልሼ የምሰፋው እኔ ነበርኩ።

ሮማን ትምህርት የጀመረች ሰኞ አባቴ ጓዳ ጠራኝ።

«ሁለት ጥቅልል ታዘጋጃለሽ። ቀይ ክር የታሰረበት የኔ ነው። ነጭ ክር የታሰረበትን ለእሷ ትሰጫታለሽ።»

«ነጩ ውስጥ ምን ላድርግ?»

«የፍየል ፀጉር።»

«አባዬ፣ የፍየል ይሰምጣል እኮ!»

«ዕፀገነት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ሙሉውን የሰጠ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግራታለሁ።»

ከሥጋ ቤት ቆዳ ላይ የፍየል ፀጉር ሸልቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በነጭ ክር አሰርኩ። ቀለሙ ከሰሱ ጋር እንዲመሳሰል ቡናማውን መረጥኩ። ይህን ማንም አላዘዘኝም።

ሮማን ሰኞና ዓርብ ሱቋን እየዘጋች ትመጣለች። ደንበኞቿ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመሩ፤ ሰፈሩም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ። እሷ አልሰማችም። የዝንቡን ጭራ ማሰር በሁለት ሳምንት ቻለች፤ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ መጠምጠም በወር፤ መጨረሻውን ቋጠሮ ከአባቴ አሳምራ መቋጠር ጀመረች። ፀጉሩ ላይ ሲደርሱ ግን አባቴ «ብርሃኑ አይመቸኝም» ይልና ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ይሠራል። ሲዞር የቆመውን ፀጉር ያሳያታል። የእሷ ይተኛል።

«እጅሽ ፈራ። አጥብቂ» ይላታል።

ታጠብቃለች። ክሩ ሌባ ጣቷን እስኪቆርጣት ታጠብቃለች። ፕላስተር ትለጥፍና እንደገና ታጠብቃለች። መንጠቆው ላይ ደም ያለበት ዝንብ ከጠረጴዛው ሥር ጠርጌ አውጥቼ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ውጭ እጇን ሳስታጥባት «ፀጉሩ ይሆን እንዴ ችግሩ?» አልኳት። ያቺን አንዲት ጊዜ ብያለሁ፤ እግዜር ይመስክርልኝ። ሳቀች።

«ኧረ አቦ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ፀጉር ይዤ! አስተማሪዬ በእጃቸው የሰጡኝን ፀጉር ልጠርጥር? እጄ ነው የሰነፈው።»

እኛ ዘንድ ተማሪ መምህሩን አይመረምርም። እሱ ካልገባው ራሱን ይቆነጥጣል። ሮማን ፀጉር የምታውቅ ሴት ሆና ፀጉሩን ትታ እጇን ጠረጠረች። እኔም ውሃውን አፍስሼ ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልሽ ለሚለኝ፣ አባቴን ፈርቼ ነው እላለሁ። ይህ ግማሹ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ዝንብ መሥራት አስተምረኝ ብዬው ነበር። አንድ ከሰዓት አየኝና በመቀሱ እጄን መታ አድርጎ «ያንቺ እጅ ሰባራ ነው፤ ተዪው» አለኝ። ሮማንን ግን ጎበዝ ይላታል። ግንቦት ላይ ላባውን አሳምራ ስትጠመጥም «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አላት። የኔ ልጅ። እኔ ጓዳ ውስጥ ኮርቻውን እየሰፋሁ ሰማሁት። በዚያ ሳምንት ነጩን ጥቅልል ዓይን ዓይኗን እያየሁ አቀበልኳት።

ሮማን ተስፋ አልቆረጠችም። የፍየሉ ፀጉር አልቆምም ሲላት እንደ ሹሩባ አጀማመር ቅንጣት ቅንጣት እየያዘች፣ አንዱን ባንዱ ላይ እያሰረች ሞላችውና በምላጭ ላጨችው። አንዷን ዝንብ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀባት። ስትጨርስ ግን የገብስ ፍሬ ነው። ከአባቴ ዝንብ አጠገብ ስታስቀምጠው የእሷ ያምራል። አባቴ በጣቱ ዳሰሰና መልሶ አስቀመጠው።

ነሐሴ ላይ አንድ እኩለ ቀን አባቴ መስኮቱ ዘንድ ቆሞ ሁለቱንም ጥቅልል አፍንጫው ሥር አድርጎ አገኘሁት።

«ቀዩ የትኛው ነው?» አለኝ።

ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነበር። ቀይና ነጭ መለየት አቅቶታል። «ይኼ ነው» ብዬ ቀዩን ሰጠሁት፤ ነጩን ለሮማን አስቀመጥኩ።

ጥቅምት ደረሰ፤ ብሩክ መጣ። በዚያ ሳምንት የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ከጄሪካን ቀድቼ ሳፋውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ግቢው መሐል አስቀመጥኩት። ሮማን ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፋሻ የታሸገ እግሯን ከወንበሩ ሥር ደብቃ ተቀመጠች። አባቴ ከዘራውን ይዞ ፊት ለፊቷ። ብሩክ ዝንቦቹን መዳፉ ላይ ዘርግቶ «አቦ፣ ይኼ ምን ዓይነት እጅ ነው!» አለ። እሷ አባቴን አየችው።

የመጀመሪያዋን ጣለ። ትንሽ ቆየችና ዘንበል አለች፣ ሰመጠች። ሁለተኛዋ እንዲሁ። ስድስተኛዋ ላይ ብሩክ መጣሉን ሊተው ነበር፤ «ጨርሰው» አለችው ሮማን። ጨረሰው። አሥራ ሁለቱም ሳፋው ታች ተኝተው ነበር፤ ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር አንድ በአንድ ይታዩ ነበር።

«ያምራሉ» አለ ብሩክ አንገቱን ደፍቶ። «ግን ዓሣው የሚበላው ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ነው እቴ። ጋሼም ዓይናቸው ከደከመ እኔ ከናይሮቢ ማስመጣቴ ነው።»

አባቴ እንደሚናገር ጠበቅሁ። ጊዜው ሲደርስ እነግራታለሁ ብሎ ነበር፤ ከዚህ የባሰ ምን ጊዜ ይመጣል?

«እጄ ነው» አለች ሮማን። «ጋሼ ለፍተዋል፤ ጥፋቱ የእጄ ነው።»

«እጅ የፈጣሪ ስጦታ ነው፣ ልጄ» አላት አባቴ።

የሳፋውን ውሃ አልደፋሁትም፤ ውሃ በጠፋበት ሳምንት ማን ይደፋል። ዝንቦቹን ለቅሜ ወለሉን ወለወልኩበት።

ሮማን ሱቋ ተመለሰች፣ ቆመች። ቁስሉ ሰፋ። አባቴ የሠራውን የሚወስድለት ሰው አጣ፤ ዓይኑም ጨርሶ ጠፋ። ሁዳዴ ላይ ታሞ ሲተኛ ሮማን በየሳምንቱ እያነከሰች እየመጣች ጭንቅላቱን ታጥበዋለች፣ ፀጉሩን ትከረክመዋለች። «አስተማሪዬ፣ ቀና ይበሉ» ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቀና ይላል። በሩ ላይ ቆሜ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እላለሁ። ሳይናገር ሞተ። አባቴ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ንፉግ አላየሁም።

አርባው ወጥቶ ቤቱን ሳስተካክል ኮርቻውን አወረድኩት። ስፌቱን ስፈታው አቧራ ቦነነ። ብል ገብቶበታል። ለሰው አልሰጥም ብሎ የሰሰተውን ፀጉር ብል በልቶት፣ ከአንድ ጥግ አንድ ጭብጥ ብቻ ተርፏል። እሱን ፌስታል ውስጥ አድርጌ ሸዋ በር ሄድኩ።

ሮማን ሩቂያ የምትባል ደንበኛዋን ግማሽ ሠርታ ነበር። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። አንዲት ፀጉር አነሳች፤ በሁለት ጥፍሯ መሐል ያዘችና ጫን አለቻት። ጠፍጣፋ ሆነች። ሌላ አነሳች፣ ጫን አለች። ከዚያ ከመሳቢያዋ፣ ከፀጉር ቅባቱ ሥር፣ አባቴ ዓይኑ ሲጠፋ የሰጣትን ሞርሳ አወጣች። መንጠቆም ክርም አብሮ ነበር። ፀጉሩን አስቀምጣ ክሩን ሳብ ስታደርገው ፀጉሩ ብድግ ብሎ ቆመ። በምላጭ ላጨችው፣ ላባ ጠመጠመች፣ ቋጠረች። ሩቂያ ግማሽ ጭንቅላቷ ተፈትቶ በመስታወቱ ታየናለች።

ሮማን ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ቀዳችና ዝንቧን ጣለቻት። ተንሳፈፈች። በጣቷ ወደ ታች ጫነቻት፤ ስትለቃት ተመልሳ ወጣች። እንደገና ጫነቻት። ወጣች።

«ዕፄ» አለችኝ ብርጭቆውን እያየች፣ «ነጭ ክር የታሰረበትን የምታቀብይኝ አንቺ ነበርሽ።»

«አባቴ ነው ያዘዘኝ። እሱን እኮ ታውቂዋለሽ፣ ፈርቼው…»

«ጋሼ ሽመልስ ዓይናቸው አያይም ነበር» አለች።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሁለት ወር ነው። ቀዩን ለእሷ ብሰጣት ኖሮ እሱ አያውቅም ነበር።

«ሮማን፣ ወላሂ ሰርግ አለብኝ» አለች ሩቂያ።

ሮማን ማበጠሪያዋን አነሳችና ተመለሰች፤ የታሸገውን እግሯን ጎተት አድርጋ ከወንበሩ ኋላ ቆመች። ወደ እኔ አልዞረችም።

ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን ራሴ ነኝ የምሠራው። እጄ ሰባራ ነው፤ አያምርም።