ለአክስት የተተከለ ድንኳን

ባለፈው ሚያዝያ እናቴን ስንቀብር፣ የቦሌ ሚካኤል ሽማግሌዎች ሟቹን የእድር ዳኛ ገብረሰንበትን እያነሡ «እንዴት ያለ ደግ ዳኛ ነበሩ! ለአክስቷ እንኳ ድንኳን ያስተከሉ» ተባባሉ። ያየሁትንና እናቴ የነገረችኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይኸው እጽፋለሁ።

ሰውዬው የተንቤን ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ሲገባ የቡልጋ ልጅ ሆነ። ስሙ የትም አገር ያለ ስም ስለሆነ አላጋለጠውም፤ አነጋገሩንም አጥቦ አጥቦ ከቡልጋዎቹ የበለጠ ቡልጌ ሆኖ አረፈው። ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ ያድላል፤ በሰፈር ግን የእድር ዳኛ ነው። እናቴ ትብለጽ በትግርኛ ሰላም ስትለው አጠገቡ ወዳለው ሰው ይዞርና «ምን አለች?» ይላል። እናቱና አያቴ ከአንድ ምንጭ ውኃ ሲቀዱ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አስተርጓሚ ይፈልጋል!

በ1978 ዓ.ም. አጎቴ ኃይለኪሮስ ከታጋዮቹ ጋር ሆኖ ሞተ። እናቴ እንደማንኛውም የእድር አባል ድንኳን ጠየቀች። የቀበሌው ሊቀመንበር ከጎኑ ተቀምጦ ስለነበር ገብረሰንበት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«በምን በሽታ ሞተ?»

ሰው ሳቀ።

«ወንድሜ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እዚያው ጫካው ያልቅስለት። ለወንበዴ ድንኳን አንተክልም።»

እናቴ በሯን ዘግታ፣ ትራስ ነክሳ አለቀሰች። የመጣችው ጎረቤታችን ሐሚዳ ብቻ ናት። «በረሃቡ ጊዜ እኛን ወሎዬዎቹን ለማኝ ሲሉን ከረሙ፤ ዘንድሮ ደግሞ ተራው የናንተ ነው» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

በዓመቱ ከተንቤን የመጣ አንድ መንገደኛ የገብረሰንበት እናት ማረፋቸውን ለእናቴ ነገራት። መርዶ በማለዳ፣ በሰው ታጅቦ ነው የሚነገረው። ሰው ይዛ ብትሄድ ግን ገብረሰንበት ይጋለጣል። ለእሱ ይህን ያህል መጨነቋ ዛሬም ያናድደኛል። ብቻዋን ሄዳ በትግርኛ አረዳችው።

«የማን እናት?» አላት በአማርኛ፣ በሩን እንደያዘ። «የኔ እናት ቡልጋ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏታል።»

ዘጋባት።

እናቴም ሴትዮዋ ያለ ለቅሶ አይቀሩም ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀመጠች። ማን ሞተብሽ ሲሏት «አክስቴ» አለች። የእድሩ ደንብ ለአክስት ድንኳን አይፈቅድም። ከሰዓት በኋላ ግን በዳኛው ትእዛዝ በራችን ላይ ተተከለ። ለወንድም የተከለከለ ድንኳን! ገብረሰንበት ሦስት ቀን ከፊት ተቀምጦ አነባ። ሴቶቹ «ለሰው አክስት እንዲህ! አይ አንጀት!» ይሉ ነበር። አንዱም «ለምን?» ብሎ አልጠየቀም፤ ማሰብ ለእነሱ ከእድር መዋጮ ውጪ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ስመይዶ ጸዊዓ?» አላት። እናቱ ሲሞቱ ስሙን ጠርተው እንደሆነ መጠየቁ ነው። በትግርኛ ሲናገር የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ወደ ሐሚዳ ዞረች።

«ምን አሉ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ሐሚዳ።

 ገብረሰንበት ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣና ድንኳኑ እንዲነቀል አዘዘ።

እናቱ ስሙን ጠርተው ነበር። መንገደኛው ለእናቴ፣ እናቴም ለእኔ ነገረችኝ። እሱ ሳያውቅ ሞተ።