ሃድል የቀረበት ዓመት

አባቴ የአሜሪካ ፉትቦል ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ የመጣ ዕለት ከጨዋታው በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በየደቂቃው ክብ ሠርታችሁ የምትሰበሰቡት ምንድን ነው? ቀበሌ ነው እንዴ?»

ክቡ ሃድል ይባላል። ኳሷን ወደፊት ለመግፋት ከምናደርገው ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት አሥራ አንዳችንም አንገታችንን ደፍተን እንቆማለን፤ ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሷን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ልጅ፣ ቀጥሎ የምናደርገውን በቃል ይነግረናል፤ አጨብጭበን እንበተናለን። ወደ ሄይዋርድ፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ መኪና ውስጥ ይህንኑ አስረዳሁት። «እና ተሰብስባችሁ የወሰናችሁትን ነው እንዲያ እየተላተማችሁ የምታበላሹት?» አለኝ።

የምጫወተው ለአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር። ቦታዬ ፉልባክ ይባላል። ኳስ የያዘው ልጅ ከኋላዬ ይመጣል፤ እኔ ቀድሜ እገባና መጀመሪያ ያገኘሁትን ሰው ከመንገዱ አስወግዳለሁ። ኳስ እምብዛም አልነካም። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ኦክላንድ ሃይስኩል ስገባ የጨዋታውን ሕግ እንኳ አላውቅም ነበር፤ የተማርኩት በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ተንታኞቹ የሚያወሩት ስለ ኳሷ ብቻ ስለሆነ ድምፁን እዘጋዋለሁ። ዓይኔን ከፉልባኩ እግር ላይ አላነሣም። የመጀመሪያው እርምጃ አጭር መሆን አለበት፤ ከረዘመ አንድ እግርህ አየር ላይ እያለ ትመታለህ። ትከሻህ ከባላጋራህ ትከሻ ዝቅ ይላል፤ አንገትህ ግን አይደፋም። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ደስ ይሉኛል። አንዱን ብቻ ለማስተካከል አንድ ሙሉ ክረምት ጋራዥ ውስጥ የቆመ ፍራሽ ስገፋ ከርሜአለሁ።

ሁለተኛው ዓመቴ፣ እዚያ ኮሌጅ ለመጫወት የሚፈቀድልኝ የመጨረሻው ዓመት፣ ሊጀመር ሲል የድሮው አሠልጣኝ ጡረታ ወጣ። አዲሱ ወጣት፣ ቀጭን፣ የሱፍ ፍሬ በጥርሱ እየፈለጠ የሚያወራ ሰው ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሰሌዳው ፊት ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ ሃድል የለም» አለን። አንዱ ሙከራ እንዳለቀ ወዲያው ተሰልፈን ቀጣዩን እንጀምራለን፤ ባላጋራ ትንፋሽ መሰብሰቢያ አያገኝም። የምናደርገውን ከሜዳው ዳር በእጅ ምልክት ያሳዩናል። ድሮ ተጠጋግተን እንቆም የነበርነው አሁን በሜዳው ስፋት ልክ እንበተናለን። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ፣ በድምሩ አሥራ አንድ ክብ ሣለ። የእኔን ፈለግኩ፤ አልነበረም።

ከስብሰባው በኋላ ጠራኝ።

«ፉልባክ የሚባል ነገር በኔ አሠራር ውስጥ የለም» አለ። «አላባርርህም። ግን የምፈልገው ከጫፍ ተነሥቶ የሚንቀሳቀስ፣ ኳስ የሚቀበል ሰው ነው። ለቦታው ሌላ ልጅ አለኝ። ሳን ሆዜን እስክንገጥም ሁለታችሁንም እያፈራረቅኩ አያችኋለሁ። ከዚያ ቦታው የአንዳችሁ ይሆናል።»

«እሺ» አልኩ።

«ጥያቄ የለህም?»

«የለኝም።»

ነበረኝ። ግን ጥያቄዬ ቅሬታ እንዲመስል አልፈለግኩም።

ሌላው ልጅ የዩኒየን ሲቲ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ፈጣን። እጆቹ ሙጫ የተቀቡ ይመስላሉ። መላተም አይወድም፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ የምችለው አልነበረም። ኳስ ሲወረወርልኝ ገና እጄ ሳይገባ ዓይኔ ቀጥሎ ወደምመታው ሰው ይሄዳል፤ ኳሷ ደረቴን መትታ ትወድቃለች። ልምምድ ካለቀ በኋላ እየቀረሁ አንድ ሺህ ጊዜ ብቀበልም ዓይኔ ልማዱን አልተወም።

ለቡድኑ ከሁሉ የከበደው የመሰብሰብ ልማዱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ሙከራ ሲያልቅ እግራችን ራሱ ወደ ኋላ እየመለሰን ክብ እንሠራ ነበር። አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ «ወዴት ነው? ማን ሞተ?» ብሎ ይጮኻል። መስመር ላይ የሚቆሙት ግዙፎቹ ልጆች ትንፋሽ አጥሯቸው ሣሩ ላይ ያስመልሱ ነበር። ድሮ ሁሉ ነገር በጆሮ ይገባ ነበር፤ አሁን በዓይን ሆነ። ከዳር ሦስት ሰዎች ቆመው ምልክት ያሳያሉ። የሁለቱ ውሸት ነው፤ የአንዱ ብቻ እውነት። ኳርተርባኩ ዞር ብሎ «ገባችሁ?» ይላል፤ እያንዳንዳችን መልስ መስጠት አለብን። እኔ እቤት እንደለመድኩት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ መለስኩለት። ሙከራውን አቆመው።

«ምን ሆንክ? አመመህ?»

«አስም አለበት» አለ የዩኒየን ሲቲው ልጅ፤ ሜዳው በሙሉ ሳቀ።

«አዎ ማለት ነው» አልኩ።

«ይሄ አዎ ከሆነ እምቢ ስትል አምቡላንስ ልንጠራ ነው!» አለ ኳርተርባኩ።

ልምምድ የሚጀመረው ነሐሴ ስለሆነ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። ኮሌጁ የሚሰጠን ምሳ ዶሮ ስለነበር እኔ አባቴ የሠራውን ምስር በእንጀራ ጠቅልዬ በፕላስቲክ ዕቃ እይዛለሁ። አንድ ቀን ኳርተርባኩ አጠገቤ ተቀምጦ አቅምሰኝ አለ። ቆርሼ ልሰጠው ስል እጄ ራሱ ወደ አፉ ሄደ። ቁመቱ ከኔ በራስ የሚበልጥ ልጅ ነው፤ ደንግጦ አፉን ከፈተ፣ ጎረሰ፣ ከበርበሬው የተነሣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ስልካቸውን አወጡ።

«ድገም፣ ክፈት» አልኩት።

«ለምን?»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል። ሁለት ያፋቅራል።»

አላምጦ ሲጨርስ «ሦስተኛውስ?» አለኝ።

«ሦስተኛ የለም። ምሳዬን ጨረስከው።»

በዚያው ሳምንት አሠልጣኙ ሰው ራሱ የፈጠረውን አይረሳም ብሎ ምልክቶቹን እኛው እንድናወጣ አዘዘ። ከሙከራዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ ኳርተርባኩ ኳሷን ሩቅ የሚወረውር ይመስላል፤ እኔ በትርምሱ መሐል ከፊቱ ሳልፍ ግን ከታች በአጭሩ ገፋ አድርጎ እጄ ውስጥ ያስገባታል። ኳርተርባኩ ብድግ ብሎ አምስት ጣቶቹን ሰብስቦ ወደ አፉ ወሰደ፤ «ጉርሻ!» አለ። አሠልጣኙ ቃሉን ሁለቴ ሞከረው፤ ምልክቱን አንዴ። ጸደቀ። ከአዲሱ አሠራር ውስጥ ለኔ የተሰፋ የሚመስለው ያ ሙከራ ብቻ ነበር። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ዓይኔ የሚሸሽበት ጊዜ የለውም፤ ተቀብዬ ወዲያው መላተም ነው። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጉርሻ በታዘዘ ቁጥር ወደፊት ገፋን። የሩቁን ኳስ የዩኒየን ሲቲው ልጅ ይቀበላል፤ የቅርቡን እኔ። ቦታው የኔ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

የሳን ሆዜው ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሙቀቱ ከባድ ነው። አባቴ ከሥራ ቀጥታ መጥቶ መቀመጫዎቹ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ አየሁት።

የመጀመሪያው ጉርሻ ሠራ። ለሁለተኛው ምልክቱ ከዳር ሲታይ ከሳን ሆዜ ተከላካዮች መሐል የቆመው አጭር፣ ወፍራም እግር ያለው ልጅ ወደኛ አሠልጣኞች አፈጠጠ። ከዚያ የጥርስ መከላከያውን አወጣና ሳቀ። «ጉርሻ! ጉርሻ!» እያለ ወደ እኔ ይጠቁም ጀመር። ጓደኞቹ ምን እንደሚል አልገባቸውም። እሱ ግን ማንንም አልጠበቀም፤ ኳሷና እሱ እኩል ደረሱብኝ። ሣሩ ላይ ተዘርሬ እላዬ ላይ እንደተኛ አሜሪካ ባደገ አማርኛ «ብላ፣ በሞቴ!» አለኝ።

ምልክቶቻችንን ከቪዲዮ፣ ከቴሌስኮፕ፣ ከሁሉም ጠብቀናል። ከእኛ ቡድን ሐበሻው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሌላው ቡድን ውስጥም ሊኖር እንደሚችል አላሰብኩም። ያውም ሐበሻ በሞላበት ሳን ሆዜ።

በዕረፍት ሰዓት ወደ አሠልጣኙ ሄድኩ። ሳይጠራኝ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

«ያ መሐል ላይ ያለው ልጅ የኛ ሰው ነው» አልኩት።

«የማን?»

«የኛ። ምልክቱን ያውቀዋል። ሲጎርስ ነው ያደገው።»

የሱፍ ገለባ ተፋ። «ምልክቱን እንጣለዋ።»

«አንጣለው። ምልክቱን አይቶ ይምጣ። እኔ ባዶ እጄን ያንኑ መንገድ ልሂድ። እሱ ወደኔ ሲመጣ ቦታው ክፍት ይሆናል፤ የዩኒየን ሲቲው ልጅ እዚያ ይግባ።»

አሠልጣኙ ትክ ብሎ አየኝ። «ኳሷ ግን አንተ ጋ አትመጣም።»

«አዎ።»

«ለቦታው የምትፎካከረው ልጅ ጋ ነው የምትሄደው። ዛሬ።»

«አውቃለሁ።»

«ገብቶሃል?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። «ይሄ አዎ ነው» አለ ለራሱ፤ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ከዕረፍት መልስ ምልክቱ ታየ። የሳን ሆዜው ልጅ የኳሷን መነሣት እንኳ በቅጡ ሳይጠብቅ ተወርውሮ መጣ። እጆቼን ደረቴ ላይ ኳስ እንደያዘ ሰው አጥፌ፣ አጭሯን እርምጃ ረግጬ፣ ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ ገጠምኩት። ሁለታችንም ወደቅን። ከሥሩ ሆኜ የሕዝቡን ጩኸት ሰማሁ፤ የዩኒየን ሲቲው ልጅ ማንም ሳይነካው እየሮጠ ነበር። የሳን ሆዜው ልጅ እጆቼ መሐል ፈለገ።

«ኳሷስ?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«አለቀች» አልኩት በአማርኛ።

መጨረሻ አካባቢ ኳርተርባኩ ከምሳችን ያስታወሰውን አመጣ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ውሸት፣ ሁለቴ ከታየ እውነት ይሁን አለ። ሁለቴ ታየ። ኳሷ እጄ ገባች፤ ልጁም እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። አንድ ስንዝር አልገፋሁም። «እናቴ በአንድ ጉርሻ አቁማ አታውቅም» አለኝ እጄን ይዞ ሲያነሣኝ። ያም ሆኖ በሌላ ሙከራ አሸነፍን።

ሜዳው ዳር አባቴ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ቆሞ ሲያወራ አገኘሁት። የልጁ እናት ናት። ለካ ጨዋታውን ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው ያዩት።

«ልጄ፣ ተጎዳህ? ይሄ ባለጌ ነው የመታህ?» አለችኝ። ወደ ልጇ ዞራ «ይቅርታ በለው!»

«እማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ በእንግሊዝኛ።

«በአማርኛ!»

«ይቅርታ» አለኝ። በዓይኑ ይስቃል።

አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ፣ ጎሽ፤ ደህና አድርገህ ነው ያነጠፍከው።»

ሰኞ አሠልጣኙ ቢሮው ጠራኝ። ቦታው የዩኒየን ሲቲው ልጅ ሆነ። ሳይነግረኝም አውቄዋለሁ፤ ከመቀመጤ በፊት ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«ከፈለግክ ተቀያሪ ሆነህ ትቀጥላለህ» አለ። «ምናልባት ትገባለህ፣ ምናልባት አትገባም። ወይም ከዳር ከሚቆሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሁን። እውነተኛውን ምልክት አንተ እንድታሳይ እፈልጋለሁ።»

መጀመሪያ ቀን ያላወጣሁትን ጥያቄ ያኔ ጠየቅኩት። «ፉልባክ ለምን አያስፈልግም?»

ቅሬታ አልመሰለውም፤ ደስ አለው። ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ ረጅም ጊዜ ሣለልኝ። ፉልባክ የሚገፋው ሰው ዓይኑ ወደ ሌላ ቦታ ከተሳበ በራሱ እግር ከመንገዱ ይወጣል፤ የአሠራሩ ነገር ይኸው ነው። «ቅዳሜ ያን ልጅ ያስወጣኸው ሳትገፋው ነው» አለኝ። ሥዕሉን ደጋግሜ አየሁት። ስሕተት ፈለግኩበት፤ አላገኘሁም። ሁለተኛውን አማራጭ እሺ አልኩ።

በሚቀጥለው ጨዋታ በሸሚዝና በኮፍያ ከዳር ቆምኩ። አባቴ ከጨዋታው በኋላ መኪናው ውስጥ ጥያቄውን ጀመረ።

«ዛሬ አልተላተምክም።»

«አልተላተምኩም፣ አባዬ።»

«ስብሰባውም ቀርቷል።»

«ቀርቷል።»

«ታዲያ አሥራ አንዱም ዞር ዞር እያሉ አንተን የሚያዩህ ምን አጥፍተህ ነው?»

ጉርሻን ከምልክቶቹ አላወጣነውም። አሁን ምንም ማለት አይደለም፤ በእውነቶቹ መሐል የማስገባው ውሸት ነው። ባሳየሁ ቁጥር ኳርተርባኩ ከሄልሜቱ ፍርግርግ ኋላ አገጩን እያንቀሳቀሰ ያላምጣል። ከዚያ ወደ መስመሩ ይዞራል፣ ኳሷ ትነሣለች፤ እኔም እዚያው ከዳር በቆምኩበት ትከሻዬ ራሱ ዝቅ ይላል። ያን ማስቆም ከምልክቶቹ ሁሉ ይልቅ ጊዜ ወሰደብኝ።